የእማማ ዘነበች ልጅ እሁድ ከሰዓት የሞተች ጊዜ

ትዝታ ለመጻፍ ፀጉር መሸበት አለበት ይላል አባቴ። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ገና ባለፈው ወር ነው የተመረቅኩት፣ አንድ ሽበት የለኝም። ግን ትልልቆቹ ይህንን ነገር አይጽፉትም። ሲነሳባቸው ወሬ ይቀይራሉ፣ ስለ ስንዴ ዋጋ ያወራሉ። ስለዚህ እኔው ልጻፈው፣ ይውጣልኝ።

የቀሰቀሰው አንድ መልእክት ነው። አሰላ እኛ ቤት የምርቃቴ ድግስ ባለቀ በሦስተኛው ቀን፣ ከእናቴ ጋር የተዋስነውን ሳህን እየለየን ሳለ ጎረቤታችን እማማ ዘነበች ላኩብኝ። «ልጅቷ ጋውኗን ለብሳ ትምጣና ልመርቃት፣ እኔ ከአልጋ መነሳት አቅቶኛል» ነው ያሉት። እኛ ሰፈር ተመራቂ ጋውኑን ለብሶ በየሽማግሌው ቤት ይዞራል፣ ይመረቃል፣ ጉንጩን ይሳማል፣ ሃያም ሃምሳም ብር ኪሱ ይከቱለታል። እኔ ሁሉም ቤት ሄጃለሁ። አዴ ሩቂያ ወተት ሻጯ ቤት ሁሉ ሄጄ በቅቤ የታሸ ጩኮ በልቻለሁ። እማማ ዘነበች ቤት ግን አልሄድኩም። የእሳቸው ቤት ከእኛ አጥር ቀጥሎ ነው፣ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ለምን እንደማልሄድ ደግሞ ለእናቴም ነግሬያት አላውቅም። የሐምሌ ጉም ግቢያችን ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሎ ነበር፣ አጥሩም አይታይም። ጋውኑን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ በረንዳው ላይ ቆምኩና የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ገባሁ።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከመነኻሪያ እስከ እኛ ሰፈር ጋሪ አንድ ብር፣ ባጃጅ ሁለት ብር ነው። ፓስቲ አንድ ብር ገብታ ሰዉ «ኧረ ተወደደ!» ይል ነበር፣ አሁን ሲያስቡት ያስቃል። ከፖስታ ቤቱ ማዞሪያ ጥግ ያለው ሲዲ ቤት ቀኑን ሙሉ ያንኑ አንድ የሠርግ ዘፈን ይለቃል፣ የጋሪ ፈረሶቹ እንኳ የለመዱት ይመስለኝ ነበር፣ እዚያ ጋ ሲደርሱ እርምጃቸው ይቀየራል። ትልልቆቹ ሴት ልጆች እግር ላይ ጥብቅ ያለ ጂንስና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቦቲ ያደርጋሉ፣ እኔ ያው የትምህርት ቤት ሹራብና ኮንጎ ጫማ። ቲቪያችን ደግሞ ከኋላዋ ያበጠች፣ ላይዋ ላይ የእናቴ ዳንቴል የተነጠፈባት ነበረች። ድራማ ሲጀምር ዳንቴሉ ስክሪኑ ላይ እንዳይወርድ ወደ ኋላ የሚታጠፈው በእኔ ነው። ሥልጣን ነበር።

ድራማው እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ነው የሚታየው። ስሙን አልጠራም። ሰፈሩ በሙሉ እኛ ቤት ይመጣል፣ ምክንያቱም ዋናዋ ተዋናይት የሰፈራችን ልጅ ናት፣ የእማማ ዘነበች አንድያ ልጅ፣ ፍሬ። ፍሬ በሃይ ስኩል ድራማ ክበብ ጀመረች፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሽማግሌ ሆና ጥጥ ጢም ለጥፋ ስትሠራ አያቷን መሰለች ተባለ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ሄደች። መጀመሪያ ቲቪ ላይ የወጣችው ትሪ ይዛ ገብታ ትሪ ይዛ የምትወጣ ሠራተኛ ሆና ነው። አንድ ቃል አትናገርም። እማማ ዘነበች ግን ያንን ትሪ ዓመት ሙሉ አወሩት። ቀጥሎ «እሺ እትዬ» የምትል ሠራተኛ ሆነች። ከዚያ በአንዴ ውዳላትን ሆና መጣች፣ ባሏ የሚበድላት፣ አማቷ የምትጠላት፣ ኢትዮጵያ በሙሉ የምታለቅስላት ውዳላት። አሰላ ስትመጣ የሚኒባስ ረዳት ሂሳብ አይቀበላትም፣ ባለ ጋሪዎቹ «ውዳላት! ውዳላት!» እያሉ ይከተሏታል። እናቷ ደግሞ ከኋላ ሆነው «ፍሬ ነው ስሟ! እኔ ውዳላት አልወለድኩም!» ይላሉ።

ፍሬ ስትመጣ የሥራዋን ነገር ሁሉ ታሳየን ነበር። አንዴ ክንዴ ላይ በኮላና በከንፈር ቀለም ጠባሳ ሠራችልኝ፣ እናቴ ነርስ ሆና ሳለ አይታ ጮኸች። እማማ ዘነበች ሳቁ፣ «ልጄ ሰው ታሞኛለች» ብለው ኮሩ። ሽንኩርት ሳትነካ እንዴት እንደምታለቅስም አሳየችን። «አንድ የሞተብሽን ሰው ታስቢያለሽ፣ በቃ» አለች። «አንቺ ማንን ታስቢያለሽ?» አልኳት። «አባቴን። አላውቀውም፣ ግን ይሠራል» አለችኝ።

የአባቷን ነገር ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። የእማማ ዘነበች ባል የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፣ ከኢተያ ስንዴ ጭነው አቦምሳ የሚያራግፉ። ፍሬ በተወለደች በሳምንቷ መኪናው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ፣ ሞቱ። እኛ አገር መርዶ እንደ ወሬ በአፍ አይወረወርም፣ ይደበቃል፣ ይመከራል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። እማማ ዘነበች ደግሞ አራስ ነበሩ። «ወተቷ ይደርቃል፣ ልጅቷ ክርስትና ትነሳና እንነግራታለን» ተባለ። የሴት ልጅ ክርስትና ሰማንያ ቀን ነው። ሰማንያ ቀን ሙሉ ሰፈሩ «መኪናው ተበላሽቶበት ነው፣ ዕቃ እየጠበቀ ነው፣ ሰላም ብሎሻል» እያለ ዋሸ። በክርስትናው ዕለት እማማ ዘነበች ተሞሽረው ጨፈሩ። ባላቸው አፈር ከገቡ ሁለት ወር ከምናምን ሆኗቸዋል፣ እልልታውን የሚያቀልጡት ሴቶች በሙሉ ያውቃሉ። በማግስቱ ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው፣ ታሪኩን የነገሯት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። «ሲስተር፣ ባሌን ስላጣሁ አይደለም የሚያቃጥለኝ» ብለዋታል። «ስጨፍር ፊታቸውን አይቻለሁ። አንዱም አልተንቀጠቀጠም።»

እሺ፣ እዚያች እሁድ ላይ ልድረስ።

ጠዋት የቤት ስልካችን ጮኸ። እናቴ ተረኛ ናት፣ አባቴ ዲክሲስ ለሥራ ሄዷል፣ አነሳሁት። ፍሬ ናት። «ረዲዬ፣ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሮጠሽ ንገሪያት። ዛሬ የሚታየው የውዳላት ሞት ነው። ለማንም እንዳንናገር አስፈርመውናል፣ አንቺም ለእሷ ብቻ በጆሮዋ። ፍሬ ናት የላከችኝ፣ ደህና ናት፣ ድራማ ነው በያት። ከቻለች አትይ። ፎቶዬንም ስላሳዩ እንዳትደነግጥ፣ ማታ ራሴ እደውላለሁ በያት። ይዘሽዋል?» «ይዤዋለሁ» አልኩ። ጓደኞቼ ውጭ ገመድ ዘርግተው «ረዲ! ተራሽ አለፈ!» እያሉ ይጮሃሉ። ሮጥኩ። እማማ ዘነበች ከሦስት ሴቶች ጋር ነጠላቸውን አጣፍተው እየመጡ ነው። በጆሮ የሚነገር አልነበረም፣ ሴቶቹ ተጠግተዋል፣ እኔ ደግሞ ተራዬ እያለፈ ነው። «እማማ፣ ዛሬ ድራማውን እንዳያዩ ተብሏል!» አልኩና ዞሬ ሮጥኩ። «ማን ነው ያለው? አንቺ ልጅ! ማን ነው ያለው?» አሉኝ ከኋላ። ያልሰማሁ መሰልኩ። አለቀ። ያደረግኩት ይኼንን ነው።

በዘጠኝ ሰዓት መጡ። ሁልጊዜ ከሚቀመጡባት ባለ ትራስ ወንበር አልተቀመጡም፣ በር ላይ ቆሙ። ዝናብ ይዘንባል፣ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ውዳላት ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና እጇ ቀስ እያለ ሲወድቅ ሴቶቹ «ወይኔ!» አሉ። ከዚያ ቀብሩ መጣ። ድንኳን፣ ጥቁር የለበሱ ሰዎች፣ የሬሳ ሳጥን፣ ሳጥኑ ላይ ፎቶ። ፎቶው የፍሬ ነው፣ የስምንተኛ ክፍል ፎቶዋ፣ እማማ ዘነበች ቤት ግድግዳ ላይ የነበረው፣ ከእነ ፍሬሙ፣ ጥጉ ላይ የተሰካችው የፕላስቲክ አበባ ሳትቀር። ከወር በፊት «ለድራማው ግድግዳ ይፈለጋል» ተብለው በኩራት ነበር አስጠቅልለው የላኩት። ካሜራው ፎቶው ላይ ቀረበ፣ ቀረበ፣ የፍሬ ፊት ስክሪኑን ሞላው፣ መብራት ጠፋ።

ጨለማ አልነበረም፣ ቀን ነው። ግን ቤቱ ውስጥ ያ የዝናብ ግራጫ ብርሃን ብቻ ቀረ፣ ሁሉም ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ በአንድ አፍ ተንጫጫ። «ድራማ ነው እኮ እማማ!» «ፍሬ ደህና ናት!» የእድራችን ዳኛ ጋሽ ቱፋ ደግሞ ተነስተው «ትናንትና እኔ ራሴ በስልክ አናግሬያታለሁ፣ ሰላም ብላሻለች» አሉ። ጋሽ ቱፋ ፍሬን በስልክ አናግረዋት አያውቁም፣ ቁጥሯም የላቸውም። ለማጽናናት ብለው ነው። እማማ ዘነበች በሩ ላይ ሆነው ተራ በተራ አንድ በአንድ ፊታችንን አዩ። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። «እሺ» አሉና ነጠላቸውን አከናንበው ወጡ። ማታ ፍሬ ስትደውል መስመሩ ተበላሽቶ ነበር፣ በክረምት ሁልጊዜ ነው።

በነጋታው ገና ሳይነጋ ወተት ልትሰጥ የመጣችው አዴ ሩቂያ በራችንን ደበደበች። «ሲስተር! ነይ እዪ!» እናቴን ተከትዬ ወጣሁ። እማማ ዘነበች ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው ደጃቸው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቤቱ ተጠርጓል፣ አልጋና ቁምሳጥኑ ወደ ጓዳ ተገፍቶ ለለቅሶተኛ ሰፊ ቦታ ወጥቶለታል። ጉሙ እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። አላለቀሱም። የግቢውን በር እያዩ ነው።

«እማማ ምን እየሠሩ ነው በዚህ ብርድ?» አለች እናቴ።

«ሰዎቹን እየጠበቅኩ ነው። ዘገዩ።»

«የትኞቹን ሰዎች?»

«መርዶ ነጋሪዎቹን ነዋ ሲስተር። በከንቱ እንዳታንኳኩ ብዬ በሩን ከፍቼዋለሁ።»

አዴ ሩቂያ የወተት ጀሪካኗን ጥላ ጉልበታቸውን ያዘች። «ሂንዱኔ! አልሞተችም! ወላሂ ሂንዱኔ!» አለቻቸው። እማማ ዘነበች ፀጉሯን ዳበሷት። «ያኔም አንቺ ነሽ 'ሰላም ብሎሻል' ያልሽኝ» አሏት። «ለአባቷ ሰማንያ ቀን ፈጀባችሁ። ለእሷ ስንት ትፈልጋላችሁ?»

በየንጋቱ እዚያ ተቀመጡ። ሌላው ነገራቸው እንዳለ ነው፣ ያ ነው የሚያስፈራው። ገበያ ወርደው በገብስ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ እኔን «ሹሩባሽ ተፈቷል» ይሉኛል። እድር ስብሰባ ላይ ተነስተው ድንኳን እንዲተከልላቸው ጠየቁ። ጋሽ ቱፋ ላብ በላብ ሆኑ። «እማማ፣ በቁሟ ላለች ልጅ ድንኳን አይተከልም፣ ሕጉም አይፈቅድም» አሏቸው። «በቁሟ ካለች ለምንድነው ላቡ?» አሉ እማማ ዘነበች። ሰው ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁ አሳፈረው። ሐሙስ ዕለት መስመሩ ተሠራ፣ ፍሬን አገኘናት፣ እማማን ስልኩ ጋ አመጣናቸው። «እማዬ! እኔ ነኝ፣ ፍሬሽ!» ስትል ከእጀታው እኔ ድረስ ይሰማል። እስክትጨርስ በትዕግሥት አዳመጡና ስልኩን ለእናቴ መለሱላት። «ጎበዝ ናት፣ ድምጿን አሳምራ አስመሰለችው። እነዚህ አዲስ አበባ ያሉ ተዋናዮች ጓደኞቿ ይሆናሉ።»

ቅዳሜ ፍሬ ራሷ መጣች። ከመነኻሪያው ጀምሮ ሰዉ ተከተላት፣ ግን «ውዳላት!» ብሎ የጮኸ የለም። ባለ ጋሪዎቹ መንገድ ለቀቁላት፣ ለሬሳ እንደሚለቀቀው። ግቢው ውስጥ ገብታ «እማዬ» አለች። እናቷ ከመቀመጫቸው ተነሱ፣ እጅ ነሱ። «ይግቡ፣ ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ ነው። ከአዲስ አበባ ነው የመጡት? ደከመዎት።» ፍሬ መጀመሪያ ሳቀች። የምር ሳቀች፣ እናቷ እየቀለዱ መስሏት። ከዚያ ፊቷ ተቀየረ። ሱሪዋን ጠቅልላ ጉልበቷን አሳየች፣ «ከኮክ ዛፉ ላይ ወድቄ፣ አንቺ በቅቤ ያሸሽኝ!» አለች። እማማ ዘነበች ጎንበስ ብለው ጠባሳውን ሳይነኩ አዩት። «በኮላ ይሠራል። ልጄ አሳይታኛለች» አሉ። ሌሎች ምስጢሮችን ተናገረች፣ ትንሽ ሳለች የተናገረቻቸውን፣ ሁለታቸው ብቻ የሚያውቁትን። «አስጠንተዋታል። ማጥናት አይደል ሥራቸው» አሉ ወደ እኛ ዞረው፣ ሳይቆጡ፣ እንደውም አዝነውላት።

ያኔ ፍሬ እኔን አየችኝ። «ረዲ! ረዲ ትመስክር! እማዬ፣ ጠዋቱን ደውዬ በረዲ ልኬብሻለሁ! 'ድራማ ነው፣ ደህና ነኝ' ብዬ! ንገሪያት ረዲዬ፣ ደውዬልሽ አልነበር?»

ግቢው ሙሉ ሰው ዞረብኝ። እናቴ አለች፣ ጋሽ ቱፋ አሉ። ሰፈሩን ሳምንት ሙሉ ያመሰው ነገር ከእኔ አፍ የጎደለች አንዲት ዓረፍተ ነገር እንደሆነች ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ፈራሁ። ጥፊውን ፈራሁ፣ ስሜ በየቤቱ መነሳቱን ፈራሁ።

«አልደወልሽም» አልኩ።

እማማ ዘነበች ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰማችሁ? ሕፃን አይዋሽም» አሉ። ፍሬ አየችኝ። አልጮኸችብኝም፣ አልሰደበችኝም። ያቺን አስተያየት እስከዛሬ አልረሳሁም።

የቀረው እንዲህ ሆነ። ጠበል ሄዱ፣ ሐኪም አየ፣ ክኒን ተሰጠ፣ ምንም። ፍሬ አዲስ አበባ ተመልሳ ጸሐፊዎቹ እግር ላይ ወደቀች፣ ውዳላትን አስነሱልኝ ብላ። «ቀብረናታል እኮ፣ አገር አልቅሶላታል» አሏት። ግን ተመልካቹም ፍሬን ናፍቆ ነበርና መላ ተገኘ፤ ከውጭ አገር የመጣች፣ ውዳላትን ቁርጥ የምትመስል ኤልሳ የምትባል ሴት ሆና ትግባ ተባለ። ፍሬ እሺ አለች። «እናቴ በቲቪ መሞቴን ካመነች በቲቪ መኖሬንም ታምናለች» ብላ። እሁድ እማማ ዘነበችን ለምነን አምጥተን ወንበራቸው ላይ አስቀመጥናቸው። ፍሬ ወጣች፣ ፀጉሯን አሳጥራ፣ ጥቁር ኮት ለብሳ። ባልየው ድንግጥ ብሎ «ውዳላት?» አላት። እሷም ቀጥታ ወደ ካሜራው፣ ቀጥታ ወደ እኛ ሳሎን እያየች እንዲህ አለች፦ «አይደለሁም። እሷን አላውቃትም። እኔ ኤልሳ ነኝ።»

እማማ ዘነበች እፎይ አሉ። «ይኸው፣ ራሷ ተናገረች» አሉ። ከዚያ ሰምተንባቸው በማናውቀው ለስላሳ ድምፅ «እውነተኛ ልጅ ናት። ዳግመኛ ከመጣች አስገቧት» አሉ።

መጣች። «ኤልሳ ነኝ» ብላ ገባች፣ እናቷ አቀፏት፣ አበሏት፣ «ልጄን ትመስያለሽ፣ ዓይኔን አሳረፍሽው» አሏት። ለአንድ ቀን ነበር ያሰበችው። ከዚያ በየሳምንቱ ሆነ። ሌላ ዓመት ሳይሞላ ድራማውን ትታ ጠቅልላ አሰላ ገባች። እውነቱን ልናገር፣ ሥራ የሚሰጣትም አጥታ አልነበረም፤ እናቷ ግን ኤልሳ ከሌለች አይበሉም። በእናቷ ፊት ኤልሳ ብለን እንድንጠራት ለመነችን፣ ጠራናት። በኋላ መንገድ ላይም ኤልሳ ሆነች፣ ሱቅ ውስጥም። አሁን ሰፈሩ ውስጥ ያሉ ልጆች ሌላ ስም እንዳላት አያውቁም። በየዓመቱ የፍሬ ሙት ዓመት ይዘከራል። ወጡን የምትሠራው እሷ ናት። ካህናቱ ከእጇ ሳህን ተቀብለው «ነፍስ ይማር» ይሏታል፣ «ያኑርልን» ብላ ትመልሳለች። እናቴ አንዴ ሄዳ አይታ ተመልሳ ሁለተኛ አልሄደችም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ በጣም የሩቁን ነበር የሞላሁት፣ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም።

እንግዲህ ጋውኔን ለብሼ በጉሙ ውስጥ ሃያዋን እርምጃ ሄድኩ። በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ሠላሳዎቹን አጋምሳለች፣ ሻሽ አስራለች፣ ረጅም ሹራብ። «እንኳን ደስ ያለሽ ረዲ። ግቢ፣ ሲጠብቁሽ ነው የዋሉት። አጥሚት ጥጄ ነው፣ እመጣለሁ» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። እማማ ዘነበች አልጋው ውስጥ በጣም ትንሽ ሆነዋል። ጋውኑን በጣታቸው ነኩት፣ ጨርቁን እንደ ገበያ ሸማ አሹት። «እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ያጠናሽው ይቅናሽ፣ እናትሽን ጡሪ» አሉ። «አሜን፣ አሜን» እያልኩ ሦስተኛው አሜን ላይ ቆምኩ። እኔ መጠበቅ አልችልም፣ ወይ እናገራለሁ ወይ እሮጣለሁ፣ አንዴ ሮጫለሁ።

«እማማ፣ ያን ጊዜ ደውላ ነበር» አልኳቸው።

«ማን?»

«ፍሬ። የድራማው ዕለት ጠዋት፣ በቤት ስልካችን። 'ድራማ ነው፣ ደህና ነኝ፣ ፎቶዬን ብታይ አትደንግጪ በያት' ብላ ላከችኝ። እኔ ቸኩዬ ግማሹን ብቻ ነገርኩዎት። በኋላም በሰው ፊት አልደወለችም ብዬ ዋሸሁ። ጥፊ ፈርቼ ነው እማማ።»

ማድ ቤት ማማሰያው ድስቱን ሲነካ ይሰማል።

«ለማን ተናግረሻል?»

«ለማንም። ለእናቴም።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ?»

«አዎ።»

«ማንም አላስጠናሽም?»

«ማን ያስጠናኛል እማማ።»

በክርናቸው ለመነሳት ሞከሩ፣ ደገፍኳቸው። ዓይናቸው ፍጹም የጠራ ነበር፣ ያንን ማስታወስ አለብኝ። «ሰው ሁሉ በአንድ አፍ የሚነግረኝ ነገር ውሸት ሆኖ ነው ያገኘሁት» አሉ ቀስ ብለው። «እውነቱ የሚደበቀው ነው። አንቺ ደብቀሽዋል።» ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ በር ዞረው ጠሩ።

«ፍሬ!»

ማማሰያው ቆመ።

«ፍሬ! ፍሬዬ!»

ማማሰያው ቀጠለ። ልሮጥና ልነግራት ፈልጌ ነበር፣ ግን እማማ ክንዴን ይዘውኛል። ሦስተኛ ሲጠሩ በሩ ተከፈተና አጥሚት በኩባያ ይዛ ገባች። እንፋሎቱ ፊቷን ይሸፍነዋል።

«እማማ፣ ጠሩኝ እንዴ?»

«ፍሬን ነው የጠራሁት። ልጄን።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ብርድ ልብሱን አስተካከለች፣ የእናቷን ግንባር በእጇ መዳፍ ሞከረች፣ ትኩሳት እንዳላቸው ለማየት። «ፍሬማ የለችም እማማ» አለች። «አሥራ አንድ ዓመቷ እኮ ነው። ያለሁት እኔ ነኝ፣ ኤልሳ።»

ፊቷን አጠናሁት። ልጅ ሆኜ ስትተውን ሺህ ጊዜ አይቻታለሁ፣ ልትጀምር ስትል ግራ ቅንድቧ ትንሽ ከፍ ይላል። ጠበቅኩት። አልተንቀሳቀሰም። እናቷ አሁን ቢያቅፏትና በሳምንቱ ቢሞቱ ያ ሁሉ ዓመት ምን ሊሆን ነው ብላ ይሆን? ወይስ የሚጠሯት ሴት የምር ውስጧ የለችም? አላውቅም። አፍጥጬ አይቼ አላወቅኩም።

እማማ ዘነበች ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ተናገሪ። ይቺ ማን ናት?»

እሷም ቀና ብላ አየችኝ። ያኔ በግቢው ውስጥ አልደወልሽም ስላት ያየችኝን አስተያየት ነበር ያየችኝ፣ ቁጣ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ያኔ ውሸታም ብላ ልታጋልጠኝ ስትችል ዝም አለችልኝ። አፌን ከፈትኩ። መልሱ አንድ ቃል ነው፣ ሁለት ፊደል ነው፣ ከእሱ በላይ ቀላል ነገር ተናግሬ አላውቅም።

«እማማ» አልኩ፣ «አጥሚቱ ሳይበርድ ይጠጡ።»

ኩባያውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ቀስ ብለው መጠጣት ጀመሩ፣ ከኩባያው ጠርዝ በላይ ዓይናቸው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል። አንዳችንም ፊታችን አልተንቀጠቀጠም።